የጃባ ልጅ የታገተው ለገንዘብ አይደለም

ስለ ስታር ዎርስ በአማርኛ ጊዜ ወስዶ የሚጽፍ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል። ሰሞኑን ያነበብኩትን ጽሑፍም የጀመርኩት በዚሁ ስሜት ነበር። ስጨርሰው ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ጸሐፊው ፊልሙን አይተውታል፣ ይህ ያስታውቃል። ያዩት ግን ፍርዳቸውን አስቀድመው ሰጥተው ይመስለኛል።

ጽሑፉ የሚያብጠለጥለው በ2008 ሲኒማ ቤት የገባውን «ስታር ዎርስ፦ ዘ ክሎን ዎርስ» የተባለውን አኒሜሽን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጋላክሲው በጦርነት ይታመሳል። በአንድ ወገን ሪፐብሊኩና የሚዋጉለት ባለ ብርሃን ሰይፎቹ ጄዳዮች አሉ፤ በሌላው ወገን ካውንት ዱኩ የሚመራቸው ተገንጣዮች። በዚህ መሀል የወንጀለኞቹ አለቃ የጃባ ሕፃን ልጅ ይታገታል። ሮታ ይባላል። አናኪን ስካይዎከርና አዲሷ ተማሪው አሶካ ልጁን አስመልሱ ተብለው ይላካሉ።

የጸሐፊው ክስ ይህን ይመስላል። አንደኛ፣ ለወንበዴ ልጅ የሚያዝን ተመልካች የለም፤ ስለዚህ ታሪኩ ገና ሲጀመር ሞቷል። ሁለተኛ፣ የማፊያ አለቃን ቤተሰብ የሚነካ ደፋር አይገኝም፤ ስለዚህ እገታው አይታመንም። ሦስተኛ፣ ጄዳዮቹ ከወንበዴ ጋር መዋዋላቸው ያረክሳቸዋል፤ ፊልሙ ደግሞ ይህ አልታየውም። አራተኛ፣ የጃባ አጎት ዚሮ ለሳቅ ብቻ የገባ ነው። አምስተኛ፣ ከዚህ ሁሉ ግርግር በኋላ የቀረ ነገር የለም።

ፊልሙ እንከን የለውም ልል አልመጣሁም። ለቴሌቪዥን የተሠሩ አራት ክፍሎች ተሰፍተው ነው ፊልም የሆኑት። ስፌቱ ይታያል። አንዱ ውጊያ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል፣ አንዳንዱ ቀልድ ለሕፃናትም ቢሆን ያንሳል። ተቺዎች በወቅቱ አልራሩለትም። በ8.5 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ወደ 68 ሚሊዮን የሚጠጋ ማስገባቱ ለኩባንያው እንጂ ለታሪኩ ማስረጃ አይሆንም። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቢያቆሙ አብሬያቸው እፈርም ነበር። እሳቸው ግን የመቱት የፊልሙን ጠንካራ ጎን ነው።

«ለጃባ ልጅ ማን ያዝናል?» ይላሉ። በ1983ቱ ፊልም እንደ ድንጋይ የደረቀውን ጀግናውን ሃን ሶሎን ግድግዳ ላይ የሰቀለ፣ ልዕልት ሊያን በሰንሰለት ያሰረ ፍጡር ዛሬ ልጄን ቢል ማን ይሰማዋል ነው ነገሩ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ ፊልሙ ለጃባ እዘኑ ብሎን ቢሆን ኖሮ። አላለንም። መጨረሻውን መልሰው ይዩት። አሶካ ጃባ የሚኖርባትን የታቱዊንን በረሃ አቋርጣ፣ ድሮይድ ከሚባሉት የዱኩ ሮቦቶች ጋር ተናንቃ፣ ልጁን በሕይወት ቤቱ ድረስ ታመጣለታለች። ጃባ ልጁን ይረከባል። ከዚያ ምን ያደርጋል? እሷንም አናኪንንም ግደሏቸው ብሎ ያዛል! ምስጋና የለ፣ ምን የለ። እነ አናኪን የተረፉት የጃባ ልብ ራርቶ አይደለም። በዚያች ሰዓት ከሪፐብሊኩ ዋና ከተማ ከኮሩሳንት የመጣ ጥሪ ነው ያተረፋቸው። አባትነት ጃባን ጥሩ ሰው አላደረገውም፣ ፊልሙም አድርጎታል ብሎ አልዋሸም።

የሚታዘንለት ሕፃኑ ነው። እሱም ቢሆን በለቅሶ ብዛት አይደለም። ሮታን የሚያገኙት ቴት በምትባል ፕላኔት፣ ገደል አናት ላይ በተሠራ አሮጌ ገዳም እስር ቤት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ላይ አሶካ በመጥፎ ጠረኑ ትቀልድበታለች፤ በዚያው ቅጽል ስም ታወጣለታለች። ከዚያ ልጁ ይታመማል። ትኩሳቱ ይወጣል፣ መልኩ ይለወጣል፣ ማልቀስ እንኳን ያቅተዋል። የፊልሙ አየር የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። የጦርነቱ ጉዳይ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይጠባል። ይህ ልጅ እስከ ታቱዊን ይደርሳል ወይስ መንገድ ላይ ይሞታል? ይህን ለመጨነቅ አባቱን መውደድ አያስፈልግም።

ልጁን የሚሸከሙት ደግሞ በጀርባ ቦርሳ ነው። ይህቺን ቦርሳ ልብ በሉ። ታቱዊን ሲደርሱ አናኪን ቦርሳውን ድንጋይ ሞልቶ ያዝላል፤ ልጁን አሶካ ይዛ በሌላ አቅጣጫ ትሄዳለች። ዱኩ አናኪንን በረሃው ላይ ጠብቆ ይገጥመዋል። ያ ሁሉ የብርሃን ሰይፍ የተመዘዘው ለአንድ ቦርሳ ድንጋይ ነበር። ተራ ብልሃት ብቻ አይደለም ይህ። ለዱኩ በልጁና በድንጋዩ መሀል ልዩነት አልነበረም። ሁለቱም ጃባ ፊት የሚቀርብ ወይም እንዳይቀርብ የሚደረግ ሸክም ናቸው።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት ነገርም እዚህ ላይ አለ። በዚህ እገታ ውስጥ ማስለቀቂያ የጠየቀ የለም። አንድም ሳንቲም አልተጠራም። ይህን ያህል ሊሰጥ የሚችል አባት እያለ፣ «ይህን ያህል አምጣ» ያለ አጋች የለም። ለምን?

መልሱ በፊልሙ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ተነግሯል። መርከቦች ከኮከብ ወደ ኮከብ በፍጥነት የሚጓዙባቸውን ዋና ዋና የሃይፐርስፔስ መስመሮች ተገንጣዮቹ ይዘዋቸዋል። የሪፐብሊኩ ጦር ከዋና ከተማው ተቆርጦ ዳር አገር ቀርቷል። የቀረው መተላለፊያ በሀቶች፣ ማለትም በነጃባ ዘር፣ ግዛት ውስጥ ነው። ያንን የያዘው ደግሞ ጃባ ነው። ጃባን ወዳጅ ያደረገ መንገድ ያገኛል፣ ጠላት ያደረገው መንገድ ይዘጋበታል። ሮታ የታገተው ለዚህ ነው። ዱኩ የሚፈልገው የጃባን ገንዘብ አይደለም፤ ጃባ «ልጄን ያገቱብኝ ጄዳዮች ናቸው» ብሎ እንዲያምን ነው።

ሴራው እንዴት እንደሚሠራ እዩት። ልጁን ያገቱት ተገንጣዮቹ ራሳቸው ናቸው። ጄዳዮቹ ሊያስለቅቁት ሲመጡ እስር ቤቱ ውስጥ የተደበቀች ድሮይድ ትቀርጻቸዋለች። ልጁን አቅፈው፣ እየተነጫነጩ፣ ሲያወጡት ይታያል። የዱኩ ተዋጊ ቬንትረስ ይህን ቀረጻ አስቆራርጣ ትልካለች፣ ዱኩም ለጃባ ያሳየዋል። አዳኙ አጋች ሆኖ ቁጭ! ምስሉ ሐሰት አይደለም። እነሱው ናቸው፣ ልጁም እሱው ነው፣ ድምፁም የራሳቸው። የጎደለው በፊትና በኋላ የነበረው ብቻ ነው። ፊልሙ የወጣው በ2008 ነው። ተቆርጦ የተለጠፈ ቪዲዮ ሰውን ከሰው ሲያባላ ስንቴ አይተናል ከዚያ ወዲህ? ጸሐፊው ይህን ትዕይንት በአንድ መስመር «የተለመደ የስህተት ግንዛቤ» ብለው ዘለውታል። የፊልሙ ሞተር ነው እኮ!

ወደ ሁለተኛው ክስ ልሂድ። «የወንጀል አለቃን ቤተሰብ የሚነካ የለም። ወንበዴም ሕግ አለው፣ ልጅና ሚስት አይነካም።» ይህ ከፊልም የተማርነው አፈ ታሪክ ነው። ማፊያዎቹ ራሳቸው ስለ ራሳቸው እንዲወራ የሚፈልጉት ወሬ ነው። እውነተኛው ታሪክ ሌላ ነው።

ሲሲሊ እንሂድ። ሳንቲኖ ዲ ማቴዮ የሲሲሊው ማፊያ፣ የኮዛ ኖስትራ ሰው ነበር። የበላይ አለቃ አልነበረም፣ ግን ከውስጠኞቹ አንዱ ነው። ዳኛ ጆቫኒ ፋልኮኔ ግንቦት 1992 ካፓቺ ላይ በፈንጂ ሲገደል ከተሳተፉት መሀል ነበር። ከተያዘ በኋላ ለፍትሕ አካላት መናገር ጀመረ። ኅዳር 1993 ጁሴፔ የሚባል የ12 ዓመት ልጁ ታገተ። ልጁ ፈረስ መጋለብ ይወድ ነበር፤ ከፈረስ ቤት ነው የወሰዱት። የፖሊስ ልብስ ለብሰው መጥተው ወደ አባትህ እንወስድሃለን አሉት። 779 ቀን አቆዩት። ጥር 1996 አንቀው ገደሉት፣ ሬሳውንም በአሲድ አሟሙት። ትእዛዙን የሰጠው ጆቫኒ ብሩስካ ነው፤ 25 ዓመት ታስሮ በ2021 ወጣ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አጋቾቹ ገንዘብ አልፈለጉም። የፈለጉት አባትየው አፉን እንዲዘጋና የተናገረውን እንዲሽር ነው። ሌላው ደግሞ ከሩቅ የመጡ ጠላቶች አልነበሩም። የአባቱ የራሱ ሰዎች ናቸው። «ወንበዴም ሕግ አለው» ለሚል ሰው ከዚህ በላይ ምን ልጨምር?

ያም ካልበቃ ሜክሲኮ አለ። ነሐሴ 2016 ፖርቶ ቫያርታ ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ የታጠቁ ሰዎች ገብተው ሰዎችን ይዘው ሄዱ። ከታገቱት አንዱ የአደንዛዥ ዕፅ አለቃው የኤል ቻፖ ልጅ ኼሱስ አልፍሬዶ ጉስማን ነበር። በቀናት ውስጥ ተለቀቀ። የሚገርመው ጊዜው ነው። ኤል ቻፖ በዚያው ዓመት ጥር ወር እንደገና ተይዞ እስር ቤት ነበር። አባት ጉልበቱ ሲደክም ልጅ ላይ እጅ ይዘረጋል። የአለቃ ቤተሰብ የማይነካው አለቃው እስከተፈራ ድረስ ብቻ ነው፤ መነካቱ ራሱ «ከእንግዲህ አትፈራም» የሚል መልእክት ነው። ጃባም የተነካው ጋላክሲው በጦርነት ተከፍሎ፣ ከእሱ የሚበልጡ ጉልበተኞች ደጁ በቆሙበት ሰዓት ነው። ያን ያህል ይታመናል።

ሦስተኛው ክስ ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ጄዳዮቹ በዚህ ውል ይቆሽሻሉ ይላሉ። አዎ፣ ይቆሽሻሉ። «ፊልሙ አልታየውም» የሚለው ላይ ነው የምለያየው። ወደዚህ ተልእኮ ማን እንደላካቸው አስታውሱ። ጃባን መርዳት አለብን ብሎ የገፋው የሪፐብሊኩ መሪ ቻንስለር ፓልፓቲን ነው። የቀደሙትን ፊልሞች ያየ ሰው ፓልፓቲን የዱኩ ጌታ መሆኑን ያውቃል። በአንድ እጁ ያሳግታል፣ በሌላ እጁ አስለቅቁ ብሎ ይልካል። ልጁ ቢሞትም ቢድንም እሱ አይከስርም። ጄዳዮቹ ይህን አያውቁም፤ እኛ ግን እናውቃለን። የፊልሙ ምፀት ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ማብራሪያ ግን አይለጥፍበትም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አናኪን አለ። አናኪን ታቱዊን ላይ ያደገው ባሪያ ሆኖ ነው። በ1999ኙ ፊልም ራሱ እንደሚናገረው፣ እሱንና እናቱን መጀመሪያ የያዘቻቸው ጋርዱላ የምትባል ሀት ነበረች፤ በውርርድ ተሸንፋ ለሌላ ጌታ አሳለፈቻቸው። እናቱም የሞተችው በዚያው አሸዋ ላይ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ነው የሀት ልጅ ተሸክመህ ሂድ የተባለው። ለእሱ ማን መጣለት? ባሪያ የነበረውን ሕፃን ሊያስለቅቅ ጦር ያዘመተ ሪፐብሊክ አልነበረም። የጃባ ልጅ ሲሆን ግን ሠራዊት ገደል ይወጣል። ለምን? የጃባ ልጅ አባት መንገድ አለው፣ የአናኪን እናት ግን ምንም አልነበራትም።

እዚህ ላይ እኔም ፊልሙን እወቅሳለሁ። አናኪን ይበሳጫል፣ ያጉረመርማል፣ ግን ቶሎ ዝም ያሰኙታል። በመጨረሻ ውሉ ሲፈረም ስለ ባሮቹ አንድም ሰው አያነሳም። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ጸሐፊው ይህን ይዘው ቢከሱት መልስ አልነበረኝም። እሳቸው የከሰሱት ግን ጄዳዮቹ «ንጹሕ አልሆኑም» ብለው ነው። ንጹሕ ቢሆኑማ ይህ ሁሉ ጦርነት ምኑ ያሳዝናል? ይህን ሕፃን ለማዳን ድንጋይ አዝሎ በረሃ የሚያቋርጠው ሰው በ2005ቱ ፊልም ቤተ መቅደስ ገብቶ የጄዳይ ሕፃናትን የሚገድለው ያው ሰው ነው። ይህን እያወቁ የቦርሳውን ትዕይንት ማየት ሌላ ነገር ነው።

አሁን ዚሮ። ጸሐፊውን በጣም ያናደዳቸው እሱ ነው፣ እኔን ደግሞ በጣም የሚያስደስተኝ። እርግጥ ነው ያስቃል። ጆርጅ ሉካስ ድምፁ የደራሲውን የትሩማን ካፖቲን እንዲመስል ጠይቆ ነው እንደዚያ የሆነው። በላባና በቀለም አጊጦ ኮሩሳንት መሀል የሚንፈላሰስ ሀት ነው። ድምፁን አልወደድኩትም ያለ ሰው መብቱ ነው። «ቢቆረጥ ምንም አይጎድልም» ሲሉ ግን ታሪኩን አላዩትም።

የሪፐብሊኩ እንደራሴ ፓድሜ ወደ ዚሮ የምትሄደው የጃባ አጎት ስለሆነ ነው። ዘመድ ለዘመድ ይሟገታል፣ ጃባን ያሳምንልናል ብላ። ዚሮ በመጀመሪያ ያባርራታል። ተደብቃ ስታዳምጥ ግን ከዱኩ ጋር ሲነጋገር ትሰማዋለች። ልጁን ያስነካው አጎትየው ነው! ልጁ ቢሞት፣ ጃባም ከመንገድ ቢወገድ፣ የሀት ጎሳዎች ሁሉ አለቃ ዚሮ ይሆናል። ከዚያ ፓድሜን ይይዛታል፤ በራሷ ላይ ትልቅ የጉርሻ ገንዘብ ስላለ እሷንም ሊሸጣት ያስባል። ድሮይዷ ሲ-ስሪፒኦ ወታደሮች ይዞ ደርሶ ነው የሚያስጥላት።

ጃባ ጋር የሚደርሰው ያ የመጨረሻ ጥሪ ይህ ነው። ፓድሜ ትቀርባለች፣ ቀጥሎ ዚሮ በራሱ አፍ ያደረገውን እንዲናገር ይደረጋል። እስከዚያች ሰዓት ጃባ ጠላቱን ውጭ ሲፈልግ ነበር። ጄዳይ፣ ተገንጣይ፣ ማንም ይሁን የውጭ ሰው ነው። ጉዱ ግን ከጉያው ወጣ። ዚሮን ቆርጣችሁ አውጡት፣ ይህ ታሪክ አንድ ክፉ ሰው ልጅ አግቶ ሌላ ጥሩ ሰው ያስለቀቀበት ተራ ነገር ይሆናል። ዚሮ ሲኖር ግን የወንጀል ቤተሰብ እንዴት እንደሚኖር ያሳየናል። በእንዲህ ያለ ቤት ሥልጣን የሚተላለፈው በደም ነው፣ ስለዚህ ሕፃን ልጅ ማለት ወራሽ ማለት ነው። ወራሽ ደግሞ ተራውን ለሚጠብቅ ሁሉ እንቅፋት ነው። የሲሲሊውን ልጅ የወሰዱት እነማን እንደነበሩ ላስታውሳችሁ አልፈልግም።

ደግሞም ጃባ አጎቱን ለሪፐብሊኩ ፍርድ ቤት አልተወም። በቤተሰቡ እንደሚቀጣ ወዲያው ተናግሯል። ሪፐብሊኩ የፈለገውን አገኘ፣ መንገዱ ተከፈተለት፤ ጃባም ልጁን አገኘ። የቤቱ ሒሳብ ግን በዚያ አልተዘጋም።

ይህ ወደ መጨረሻው ክስ ይወስደኛል። «ምንም የቀረ ነገር የለም» ይላሉ። ጸሐፊው ፊልሙን አይተው ተከታታዩን አላዩም ማለት ነው፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት በቴሌቪዥን የጀመረውን። ዚሮ ኮሩሳንት ላይ ይታሰራል። በመጋቢት 2009 በተላለፈው ክፍል ካድ ቤይን የሚባል ቅጥረኛ ከግብረ አበሮቹ ጋር ምክር ቤቱ ውስጥ ገብቶ እንደራሴዎችን ያግታል። ጥያቄው ምን ነበር? ዚሮን ፍቱ። ቻንስለሩም ፈታው። በአንድ ሕፃን እገታ የጀመረ ነገር የሪፐብሊኩን ምክር ቤት እስከማገት ደረሰ። ኋላ ደግሞ ቤይንን የቀጠረው ጃባ እንደሆነ እናያለን። አጎቱን ከእስር ያስወጣው ናፍቆት ይዞት አይደለም። ዚሮ የሀት ቤተሰቦችን ወንጀል ሁሉ የመዘገበ ማስታወሻ ደብቋል፤ ሌላ እጅ እንዳይገባ ሁሉም ፈርተዋል።

ቀሪው በ2010 መጣ። የሀት ጎሳ አለቆች ዚሮን በራሳቸው ፕላኔት በናል ሃታ ላይ ያስሩታል። የድሮ ፍቅረኛው ሳይ ስኑትልስ ታስመልጠዋለች፤ በ1983ቱ ፊልም ጃባ ቤት የምትዘፍነዋ ናት። እናቱ ጋር ይሄዳሉ፣ ከዚያ ማስታወሻው ወደተቀበረበት ወደ አባቱ መቃብር። መቃብሩ ያለው ሮታ በታሰረባት በዚያችው በቴት ነው። ማስታወሻውን ሲያወጣ ተኩሳ ትገድለዋለች። የከፈላት ጃባ ነው። ጃባ ለልጁ ደም ጊዜውን ጠበቀ፣ ሂሳቡን በራሱ ቤት መንገድ ዘጋ፣ ምስጢሩንም በዚያው እጁ አስገባ። ሮታም ቢሆን ተረስቶ አልቀረም። ለ2026 በተያዘው የማንዳሎሪያንና የግሮጉ ፊልም ላይ አድጎ እንደሚመለስ፣ ድምፁንም ጀረሚ አለን ዋይት እንደሚሰጠው ተነግሯል።

ጸሐፊው መልስ ይሰጡኛል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ደስም ይለኛል። ከመጻፋቸው በፊት ግን የዚሮን መጨረሻ ቢያዩት እመርጣለሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ፣ ዘጠነኛው ክፍል ነው። ከሃያ ምናምን ደቂቃ በላይ አይወስድባቸውም።